እናቴ ለስለት በእግር ልትሄድ ነው፤ እኔ ምን ላድርግ?

(በሬዲዮ የተላለፈ ትምህርት፣ ለንባብ ተስተካክሎ የቀረበ። የንባብ ክፍል፦ ሉቃስ 2፥41-52)

ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ በጉባኤ መካከል ብዙም አይነሣም። በየቤታችን ግን አለ። ብዙዎቻችሁ ብቻችሁን ተሸክማችሁታል።

እስቲ እንዲህ አስቡት። አንተ ዱርቤቴ የምትኖር ወንድም ነህ፤ ወይም አንቺ ከዱርቤቴ ወጥተሽ ባሕር ዳር ሥራ የያዝሽ እኅት ነሽ። ጌታን ከተቀበላችሁ ዓመታት አልፈዋል። እናታችሁ ግን እናንተን ባሳደጉበት እምነት ጸንተው አሉ። ዕድሜያቸው ሰባን አልፏል፤ ጉልበታቸውም እንደ ድሮው አይደለም። አንድ ቀን ማታ ቡናው በረካ ላይ ደርሶ፣ "ልጄ፣ ስለት አለብኝ። ሳልሞት ግሸንን ልሳለም። የተሳልሁት በእግሬ ነው። አብረኸኝ ብትሄድ ምን አለበት?" ይሉሃል።

ምን ትመልሳለህ? "እሄዳለሁ" ብትል ጉባኤው ምን ይላል? "አልሄድም" ብትል የእናትህ ልብ ምን ይሆናል? ጎረቤት አስቀድሞ "የእገሊት ልጅ ጴንጤ ሆነ" ብሎ አሳፍሯቸዋል። በእድሩም በማኅበሩም አንገታቸውን ደፍተው ተቀምጠዋል። አሁን አብረኸኝ ሂድ ሲሉህ የጠየቁህ እግርህን ብቻ ላይሆን ይችላል። "አሁንም ልጄ ነህ ወይ?" ማለታቸው ሊሆን ይችላል።

ታዲያ ይህን ጥያቄ በስሜት ሳይሆን በቃሉ ብርሃን እንመልከተው።

መጀመሪያ መንገዱን እንወቅ

የማያውቁትን ነገር መቃወምም መደገፍም ትርፍ የለውም። ለመሳለም በእግር መሄድ በአገራችን የቆየ ልማድ ነው። ግሸን ማርያም በደቡብ ወሎ፣ በአምባሰል፣ የመስቀል ቅርጽ ባለው አምባ ላይ ናት፤ በዓሏ መስከረም 21 ነው። በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን፣ በ15ኛው መቶ ዓመት፣ የጌታ መስቀል ግማድ እዚያ ገባ የሚል ትውፊት አለ። ወደ ላሊበላ ሕዝቡ ለገና ይጎርፋል። እዚያ ያሉት ከአለት የተፈለፈሉ 11 አብያተ ክርስቲያናት እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። ኢየሩሳሌም ድረስ መሄድ ላልቻለ ሰው እንዲሆን የታነጸ ነው ይባላል፤ ጅረቱ ሳይቀር ዮርዳኖስ ተብሎ ይጠራል። ኅዳር 21 አክሱም ጽዮን አለ፤ ታኅሣሥ 19 ቁልቢ ገብርኤል አለ። ለእኛ የሚቀርበው ደግሞ በሰከላ ያለው ግሽ ዓባይ ነው። የአቡነ ዘርዓ ብሩክ ስም ወደሚጠራበት ወደዚያ ምንጭ ጠበል ለመጠመቅና በጀሪካን ቀድቶ ለመመለስ ብዙ ሰው ይሄዳል።

ዛሬ ብዙው ተሳላሚ በመኪና ይሄዳል። በእግሩ የሚሄደውም ግን አልጠፋም። ቀናት ይፈጅበታል፤ ከሩቅ የተነሣ እንደ ሆነ ሳምንታት። በሶና ዳቦ ቆሎ ይሰነቃል፤ ምርኩዝ ይያዛል፤ ሲመሽ በመንገድ ባለ መንደር "የእግዜር እንግዳ ነን" ተብሎ ይታደራል።

ሰው ለምን ይህን ያህል ይደክማል? አንዷ እናት ልጃቸው ታምሞ በዳነ ጊዜ የተሳሉት አለ። ሌላው በደሉ ከብዶት ይቅርታ ፍለጋ ይሄዳል። ሌላው ሞት እየቀረበ ሲመጣ ፍርሃት ይይዘዋል። ወገኖቼ፣ እነዚህን ነገሮች እኛም በጸሎት ፕሮግራማችን ላይ በእንባ የምናቀርባቸው አይደሉም እንዴ? እናታችን የተሸከሙት ሸክም ከእኛ ሸክም የተለየ አይደለም። ልዩነቱ ሸክሙ የት ይራገፋል በሚለው ላይ ነው።

ነገሩ የኢትዮጵያ ብቻም አይደለም። በስፔን አገር ወደ ሳንቲያጎ ደ ኮምፖስቴላ የሚወስደው መንገድ ከፈረንሳይ ድንበር ሲጀመር 800 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በቅርብ ዓመታት በየዓመቱ ከ400 ሺህ በላይ ሰዎች ጉዞውን የመፈጸማቸውን ምስክር ወረቀት ወስደዋል። ማርቲን ሉተርም ገና መነኩሴ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ1510 ገደማ፣ ከጀርመን ተነሥቶ እስከ ሮም በእግሩ ሄዷል። በ1520 ለጀርመን መኳንንት በጻፈው መጽሐፍ ግን እንዲህ ያለውን ጉዞ አጥብቆ ነቀፈ። ከነቀፈባቸው ምክንያቶች አንዱን ልብ በሉ። ሰውዬው ገንዘቡን ይዞ ሮም ሲሄድ ሚስቱና ልጆቹ እቤት ተቸግረው ይቀራሉ አለ። እግዚአብሔር ያላዘዘው ጉዞ እግዚአብሔር ያዘዘውን የቤተ ሰብ ግዴታ አስረሳ ማለቱ ነው። ይህን ሚዛን ያዙልኝ። ኋላ ወደ እኛም ይዞራል።

መጽሐፍ ቅዱስ ስለዚህ ምን ያስተምራል?

በብሉይ ኪዳን የእስራኤል ወንድ ሁሉ በዓመት ሦስት ጊዜ እግዚአብሔር በመረጠው ስፍራ እንዲገኝ ታዝዞ ነበር (ዘዳግም 16፥16)። ከመዝሙር 120 እስከ 134 ያሉት 15 መዝሙሮች "የመዓርግ መዝሙር" የሚል ርእስ አላቸው። ወደ ኢየሩሳሌም የሚወጡ መንገደኞች ይዘምሯቸው እንደ ነበር ብዙ መምህራን ያስረዳሉ። "መውጣት" መባሉም ያለ ነገር አይደለም። ኢያሪኮ ከባሕር ወለል በታች 250 ሜትር ገደማ ስትሆን ኢየሩሳሌም ከባሕር ወለል በላይ 750 ሜትር ገደማ ናት። ከኢያሪኮ ለተነሣ ሰው 1,000 ሜትር ያህል ዳገት ነው። የእኛ አገር ሰው ይህን ለመረዳት አስተማሪ አያስፈልገውም።

አሁንስ ያ ትእዛዝ በእኛ ላይ አለ? የለም። ሳምራዊቷ ሴት ይህንኑ ጥያቄ ለጌታ አቅርባለች፦ በዚህ ተራራ ነው ወይስ በኢየሩሳሌም? በእኛ አነጋገር፣ ግሸን ነው ላሊበላ? ጌታ የመለሰላት እውነተኛ አምልኮ በአንዱም ተራራ እንደማይታጠር፣ አብ የሚፈልገው በመንፈስና በእውነት የሚሰግዱለትን እንደ ሆነ ነው (ዮሐንስ 4፥20-24)። እንግዲህ ለአዲስ ኪዳን አማኝ ኃጢአት ተለይቶ የሚሰረይበት ተራራ የለም። ዱርቤቴ በጓዳችሁ የምትጸልዩት ጸሎት አምባ ላይ ከሚጸለየው ይልቅ ከእግዚአብሔር አይርቅም። ይህ እውነት ነው፤ አንሸሽገውም።

ነገር ግን ጌታ ይህን እውነት እንዴት እንደ ተናገረ ደግሞ እዩ። መንገድ ደክሞት፣ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጦ፣ አስቀድሞ ውኃ ለምኗት ነው። የተናገረው አብሯት ከተቀመጠ በኋላ ነው።

ሁለት የተሳሳቱ መልሶች

አንደኛው ስሕተት ፊት መንሣት ነው። "እኔ ጌታን ተቀብያለሁ፤ እንዲህ ያለ ነገር አይመለከተኝም" ብሎ መነሣት። እናትየው ዝም ይላሉ። በወሩ ከማያውቁት ሰው ጋር ብቻቸውን ይሄዳሉ። እኛም "ለእምነቴ ቆምሁ" ብለን ጉባኤ ላይ እንመሰክራለን።

ወገኖቼ፣ ማርቆስ 7፥9-13ን ቀስ ብላችሁ አንብቡት። በዚያ ዘመን ሰዎች ለወላጃቸው ሊሰጡት የሚገባውን ነገር "ቁርባን ነው፣ ለእግዚአብሔር የተሰጠ ነው" ይሉና ወላጃቸውን ባዶ እጁን ይሰዱት ነበር። ጌታም ይህን የእግዚአብሔርን ትእዛዝ መሻር ብሎ ጠራው። አስተውሉ፤ ሰዎቹ የተጠቀሙበት ስም የእግዚአብሔር ስም ነው። መንፈሳዊ ምክንያት ነው ያቀረቡት። ሉተር በተሳላሚው ላይ ያነሣው ሚዛን ይኸውላችሁ ወደ እኛ ዞረ። ለእግዚአብሔር ብሎ ተጉዞ ሚስቱን የረሳ ከተነቀፈ፣ ለእግዚአብሔር ብሎ እቤቱ ተቀምጦ አሮጊት እናቱን የረሳስ? ጳውሎስ ለራሱ ቤተ ሰብ የማያስብን አማኝ እምነቱን እንደ ካደ ነው የቆጠረው (1 ጢሞቴዎስ 5፥8)።

ሁለተኛው ስሕተት ማስመሰል ነው። ለእናቱ ብሎ አብሮ ይሄዳል፤ እዚያም ሰው እንዳይታዘበው ያላመነበትን ሁሉ ያደርጋል። ተመልሶ ለጉባኤው ደግሞ "ለሥራ ወጥቼ ነበር" ይላል። ይህ ሰው እናቱን አላከበረም፤ አታልሏቸዋል። ጌታንም አላከበረም። እናት ልጃቸው የተመለሰ መስሏቸው ለጎረቤት ይናገራሉ፤ እውነቱ በወጣ ጊዜ ሁለተኛው ኀዘን ከፊተኛው ይብሳል።

አንድ ቁም ነገር ልጨምር። በ2 ነገሥት 5፥17-19 ንዕማን ከለምጹ ከነጻ በኋላ ኤልሳዕን አንድ ነገር ይጠይቀዋል። ንጉሡ ክንዴን ተደግፎ ወደሚያመልክበት ቤት ሲገባ እኔም አብሬው አጎነብሳለሁና እግዚአብሔር ይህን ይቅር ይበለኝ አለ። ነቢዩ አልተቆጣውም፤ በሰላም አሰናበተው። እዚህ ላይ በግልጽ ልናገር። የአብ፣ የወልድና የመንፈስ ቅዱስ ስም የሚጠራበትን የወላጆቻችንን ቤተ ክርስቲያን ከዚያ የጣዖት ቤት ጋር እያመሳሰልሁ አይደለም። ከንዕማን የምወስደው ሁለት ነገር ብቻ ነው። አንደኛ፣ ክንዱን የተደገፈ ንጉሥ ነበር፤ ክንዱን አልነሣውም። ሁለተኛ፣ ልቡ የማን እንደ ሆነ አስቀድሞ በግልጽ ተናገረ።

እውነቱን ነገራቸው፤ አብሯቸውም ወረደ

አሁን ወደ ንባባችን እንምጣ። ማርያምና ዮሴፍ ለፋሲካ በየዓመቱ ወደ ኢየሩሳሌም ይወጡ ነበር። ከናዝሬት ኢየሩሳሌም በእግር ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ቀናት ይወስዳል። ጌታ 12 ዓመት ሲሞላው አብሯቸው ወጣ። ሲመለሱ ከመንገደኞቹ ጋር ያለ መስሏቸው የአንድ ቀን መንገድ ሄዱ። ከዚያ በዘመድ አዝማድ መካከል ፈለጉት፤ አጡት። ተመልሰው ከሦስት ቀን በኋላ በመቅደስ አገኙት። እናቱ በጭንቀት ጠየቀችው። እርሱም በአባቱ ቤት ሊሆን እንደሚገባው መለሰላት። ወላጆቹ የተናገረውን አላስተዋሉም ይላል ሉቃስ።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። ወላጆቹ አልገባቸውም። ሰማያዊው አባቱ ከሁሉ እንደሚቀድም ነግሯቸዋል፤ እነርሱ ግን አልተረዱትም። ከዚያ ምን አደረገ? "እስኪገባችሁ ድረስ አልንቀሳቀስም" አለ? አላለም። አብሯቸው ወደ ናዝሬት ወረደ፤ ይታዘዝላቸውም ነበር (ሉቃስ 2፥51)።

የዛሬው ትምህርት እንብርት ይህ ነው። እውነቱን ነገራቸው፤ አብሯቸውም ወረደ። አንዳንዶቻችን እውነቱን ተናግረን አብረን አልወረድንም። አንዳንዶቻችን አብረን ወርደን እውነቱን ዋጥነው። ጌታ ሁለቱንም በአንድ ጉዞ አደረገ። ያልተረዱትን ወላጆች መታዘዝ ለእግዚአብሔር ልጅ ካላሳፈረው፣ ለእኔና ለአንተ ምን ያሳፍረናል?

እንግዲህ በተግባር እንዴት ይሁን?

የምንመክራችሁ ይህ ነው። ሕሊናችሁ በጌታ ፊት ከፈቀደ፣ ከእናታችሁ ጋር ሂዱ። የምትሄዱት ስለቱን ልትከፍሉ ሳይሆን እናታችሁን ልታከብሩ ነው።

ሳትነሡ ተናገሩ። "እምዬ፣ አብሬሽ እሄዳለሁ። ስንቅሽን እሸከማለሁ፤ በወንዙም በዳገቱም እጅሽን እይዛለሁ። እደጁ ስንደርስ አንቺ ትገቢያለሽ፤ እኔ እውጭ ሆኜ እየጸለይሁ እጠብቅሻለሁ። እምነቴን ታውቂዋለሽ፤ ላስመስልብሽ አልፈልግም።" ይህን በቡና ላይ፣ በእርጋታ፣ ሌሎች ልጆቻቸው ባሉበት ተናገሩ። ለጉባኤያችሁ ሽማግሌዎችም አስቀድማችሁ ንገሩ። ተደብቆ የሚደረግ በጎ ነገር ኋላ እንደ ክፉ ይወራል።

አቅማቸውን መርምሩ። ጤና ጣቢያ ወስዳችሁ ደም ግፊታቸውን፣ ስኳራቸውን አስለኩ። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው እግሩ ሊደነዝዝ ይችላል፤ እሾህ ቢወጋው፣ ጠጠር ቢቆርጠው ላይሰማው ይችላል። እንዲህ ያለ ሰው በባዶ እግሩ መሄድ የለበትም። በጎጃም ደጋ በቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር መሄድ የሚያመጣውን የእግር እብጠት፣ ዝሆኔ የምንለውን፣ ሁላችሁም አይታችኋል። ስለዚህ ለእናታችሁ የሚመች ጫማ ግዙ፤ አዲሱን ጫማ ሳይነሡ ጥቂት ሳምንት አስቀድመው ይልመዱት። አረጋዊ ሰው ውኃ ሲያንሰው ጥሙ ቶሎ አይታወቀውም፤ እስኪጠይቋችሁ አትጠብቁ፣ በየጊዜው አጠጡ። ላሊበላ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ የገና ሰሞን ሌሊቱ ይበርዳል፤ ጋቢ አትርሱ። የመስከረም መንገድ ጭቃ አለው፤ ወንዙም ገና አልጎደለም። በዚህ ዘመን ደግሞ የመንገዱን ሰላም ሳይጠይቁ መነሣት ድፍረት ነው እንጂ እምነት አይደለም።

ሐኪሙ "በእግር አይችሉም" ካለስ? እናንተ "ድሮም ስለቱ ከንቱ ነው" አትበሉ። ይልቅ እናታችሁ ከንስሐ አባታቸው ጋር እንዲማከሩ አድርጉ። በመኪና እንዲሄዱ ወይም ስለቱን በሌላ መንገድ እንዲፈጽሙ ሊመክሯቸው ይችላሉ። የእኛ ቃል በእርሳቸው ዘንድ የማያደርገውን የእርሳቸው አባት ቃል ያደርገዋል። ይህን ለማድረግ ትሕትና ይጠይቃል፤ ግን የእናታችሁ ነፍስ ከእናንተ ክብር ይበልጣል።

በእርሳቸው እርምጃ ሂዱ። ያዕቆብ ዔሳውን ሲያገኝ፣ ዔሳው አብረን እንጓዝ አለው። ያዕቆብ ግን ልጆቹ ለጋ እንደ ሆኑ፣ እንስሶቹም አንድ ቀን በጥድፊያ ቢነዱ እንደሚያልቁ ነግሮት በእነርሱ አቅም ቀስ ብሎ ተከተለ (ዘፍጥረት 33፥13-14)። የአማኝ መንገድ ሕግ ይህ ነው፤ ፍጥነቱን የሚወስነው ደካማው ነው። የዛሬ አርባ ዓመት ገደማ ከጣና ወዲያ፣ ከጎንደር መንደሮች፣ ብዙ ሺህ ቤተ እስራኤላውያን ኢየሩሳሌም እንገባለን ብለው በእግራቸው ወደ ሱዳን ተጉዘው ነበር። እ.ኤ.አ. ከኅዳር 1984 እስከ ጥር 1985 ብዙዎቹ በአውሮፕላን ተወስደዋል። በመንገድና በሱዳን መጠለያዎች ግን 4,000 ያህል ሰዎች እንደ ሞቱ ይነገራል። በእንዲህ ያለ መንገድ ላይ ሰው ለወላጁ ያለው ፍቅር በቃል ሳይሆን በትከሻው ይለካል።

ጾማቸውን ጹሙላቸው። የላሊበላው ጉዞ የሚውለው በገና ጾም ነው። እናታችሁ ሽሮ ሲበሉ እናንተ በአጠገባቸው እንቁላል አትጥበሱ። መብል ወደ እግዚአብሔር እንደማያቀርበን እናውቃለን፤ ጳውሎስ ግን መብሉ ወንድሜን የሚያሰናክል ከሆነ ይቅርብኝ ብሏል (1 ቆሮንቶስ 8፥8-13)። ለወንድም እንዲህ ከሆነ ለእናትማ እንዴት!

"ለጧፍና ለጥላ ገንዘብ ስጠኝ ቢሉኝስ?" የሚል አለ። ለእናትህ የምትሰጠው ለእናትህ ነው። ሲጦሩህ "ይህን ልጅ በዚህ አሳድጉት፣ በዚያ አታሳድጉት" የተባለ ሒሳብ አልነበረም። ስጥ፤ ከዚያ በኋላ የእርሳቸው ገንዘብ ነው።

ማታ እግራቸውን እጠቡ። ይህ በአገራችን የእንግዳ ወግ ነው፤ በጌታም ዘንድ ምሳሌ ነው (ዮሐንስ 13)። ለብ ባለ ውኃ እያጠባችሁ ቁስል መኖሩን እዩ። ከዚህ የሚበልጥ ስብከት አላውቅም።

በመንገድ ላይ ምን እናውራ?

ብዙ ወገኖች "ጥሩ አጋጣሚ ነው፤ ለአምስት ቀን አምልጣኝ አትሄድም፤ ወንጌል እነግራታለሁ" ይላሉ። ቀስ በሉ። ጌታ ራሱ ከትንሣኤው በኋላ ከፋሲካ በዓል ከሚመለሱ ሁለት መንገደኞች ጋር ወደ ኤማሁስ ሄዷል (ሉቃስ 24፥13-35)። ምን አደረገ? መጀመሪያ ተጠጋቸው። ቀጥሎ ጠየቃቸው። ከዚያ ኀዘናቸውን እስከ መጨረሻው ሰማ፤ መልሱን እርሱ ራሱ ሆኖ ሳለ ሰማቸው! መጻሕፍትን የተረጎመላቸው ከዚያ በኋላ ነው። ዓይናቸው የተከፈተውም እንጀራ ሲቆርስ ነው።

ፊልጶስም እንዲሁ። ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ ለመስገድ ኢየሩሳሌም ደርሶ ሲመለስ አገኘው (የሐዋርያት ሥራ 8፥26-40)። የአገራችን ሰው የተሳላሚ መንገድ ላይ ነበር እኮ! ፊልጶስ "ምን ልታደርግ ሄድህ?" አላለውም። ከሰረገላው ጋር ሮጠ፤ ያነበው የነበረውን ሰማ፤ ጠየቀው፤ ሲጋበዝ ወጣና አጠገቡ ተቀመጠ። ከዚያው ከሚያነበው ቦታ ተነሥቶ ኢየሱስን ሰበከለት።

እናንተም ጠይቁ። "እምዬ፣ ስለቱን መቼ ተሳልሽው?" በሉ። ምናልባት አንተ በሕፃንነትህ በኩፍኝ ስትታመም ይሆናል። ይህን ሳታውቅ ስለቱን ስትነቅፍ ኖረህ ይሆናል! የተሳሉት ስለ አንተ ሕይወት እንደ ሆነ በመንገድ ላይ ስትሰማ፣ አፍህ ይያዛል። ከዚያ፣ "ያዳነኝን ጌታ አብረን እናመስግን" ማለት ትችላለህ። እዚያች ላይ የሚሰማ ጆሮ ይኖራል። ሩት የኑኃሚንን አምላክ የያዘችው ተከራክራ ተረትታ አይደለም። ከሞዓብ እስከ ቤተ ልሔም አብራ የሄደችውን ሴት አይታ ነው።

እደጁ ስትደርሱም ቃላችሁን ጠብቁ። እናታችሁ ጫማቸውን ያወልቃሉ። ተቀበሏቸውና ያዙላቸው። እርሳቸው እውስጥ ሳሉ እናንተ ለእርሳቸው ጸልዩ። በሌላው ሰው አምልኮ ላይ አትዘባበቱ፤ ፎቶ እያነሣችሁ ለመሳቂያ አታድርጉ። ሲወጡ፣ "እንኳን ለዚህ አበቃሽ" በሉ።

ሁሉም ይሂድ አንልም። ገና በእምነቱ ለጋ የሆነ፣ ሄዶ የሚናወጥ ሰው አለ። ጳውሎስ በእምነት ያልሆነ ነገር ኃጢአት እንደ ሆነ ያስተምራል (ሮሜ 14፥23)። እንዲህ ያለው ወንድሙን ወይም የአጎቱን ልጅ ይላክ፤ የትራንስፖርቱን ይክፈል፤ ስንቁን ያዘጋጅ፤ በየቀኑ ስልክ ይደውል። የሄደው ያልሄደውን አይናቅ፤ ያልሄደውም በሄደው ላይ አይፍረድ።

መንገዱ ራሱ

ወገኖቼ፣ እኛም መንገደኞች ነን። ዕብራውያን 11፥13-16 የእምነት አባቶች በምድር ላይ እንግዶች እንደ ነበሩ፣ የተሻለች ሰማያዊት አገር እንደ ፈለጉ ይነግረናል። ጆን በንያን በ1678 ባሳተመው የክርስቲያን ጉዞ መጽሐፍ ሰውዬው ሚስቱንና ልጆቹን ትቶ ብቻውን ይነሣል፤ እነርሱ አልከተል ብለውት ነው። በንያን ግን እዚያ አላቆመም። በ1684 ሁለተኛውን ክፍል አወጣ፤ በዚያም ሚስቱ አራት ልጆቿን ይዛ በዚያው መንገድ ትከተለዋለች። እናት ከልጆቿ ጋር ማለት ነው። ዛሬ በቤተ ሰባችሁ ብቻችሁን ያመናችሁ፣ የእናንተም ታሪክ ሁለተኛ ክፍል ሊኖረው ይችላል። ተስፋ አትቁረጡ።

የምሥራቹ ግን ከዚህም ይበልጣል። ሰው ወደ እግዚአብሔር ለመድረስ በእግሩ ይደክማል፤ እግዚአብሔር ግን በልጁ ወደ እኛ መጣ። ጌታ ኢየሱስ ራሱን መንገድ ብሎ ጠራ (ዮሐንስ 14፥6)። መስቀሉን ተሸክሞ ዳገቱን የወጣ እርሱ ነው። ልንከፍለው የማንችለውን ዕዳ የከፈለ እርሱ ነው። በዚያ ዳገት ላይ ተሰቅሎም እናቱን አልረሳም፤ ለሚወደው ደቀ መዝሙር አደራ ሰጣት (ዮሐንስ 19፥26-27)። የዓለምን ኃጢአት ተሸክሞ ሳለ የእናቱ ጦሪ ማን እንደሚሆን አሰበ! ከግሽ ዓባይ በጀሪካን የተቀዳው ውኃ ያልቃል፤ ጌታ ለሳምራዊቷ ሴት ያቀረበላት ውኃ ግን አያልቅም። ያንን ውኃ የጠጣህ ከሆነ፣ እናትህ በአንተ ላይ ምን ያዩብሃል? ደረቅ ክርክር ወይስ የሚፈስ ፍቅር?

እናታችሁ ግሸን እሄዳለሁ ያላሉም ብትሆኑ ቃሉ ለእናንተም ነው። ገበያ፣ ጤና ጣቢያ፣ ለቅሶ ቤት፣ የእኅታቸው ቤት፤ ለአረጋዊ ሰው ይህ ሁሉ ረጅም መንገድ ነው። ከእርሳቸው ጋር በእግር የሄዳችሁት መቼ ነው? ወላጅ ዘላለም በደጅ አይጠብቅም። በዚህ ሳምንት ሂዱ።

እንጸልይ። ጌታ ኢየሱስ ሆይ፣ ከወላጆችህ ጋር በእግርህ የሄድህ፣ እውነቱን ነግረሃቸው አብረሃቸውም የወረድህ አንተ ነህ። ስለ ስምህ ብለን ያሳዘንናቸውን ወላጆች አስበን፤ በመንገድህ ስም ፍቅርን ከዘጋን ይቅር በለን። እውነትን በየዋህነት የምንናገርበትን አፍ፣ የደከመውን የምንደግፍበትን ክንድ ስጠን። አባቶቻችንንና እናቶቻችንን አንተ ራስህ በመንገዳቸው ላይ ተገናኛቸው። በስምህ ለምነናል። አሜን።

ይህን ጽሑፍ ካነበባችሁ በኋላ ወላጆቹ በሌላ እምነት ላሉበት ወንድም ወይም እኅት አስተላልፉለት። ጌታ ይባርካችሁ።